መኪናው ውሃ ያስገባል፤ በየት በኩል?

ክረምት ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን በላይ በላዩ ሲዘንብ አሮጌ መኪና ምልክት ማሳየት ይጀምራል። ሞኬቱ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል፣ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በላብ ተሸፍኖ ያድራል፣ ሽታው የረጠበ ጆንያ ሽታ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ሲልከን ገዝቶ የጠረጠረውን ጠርዝ ሁሉ ይለቀልቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ሞኬቱ እንደገና ይርሳል። ውሃው የተገኘበት ቦታ ውሃው የገባበት ስላልሆነ ነው። ከፊት መስታወት ጥግ የገባ ጠብታ ከመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ፣ የሽቦ ጥቅል ተከትሎ፣ ከኋላ ወንበር ስር ሊጠራቀም ይችላል። መድፈኑ ብዙ ጊዜ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ፍለጋው ነው።

ለመሆኑ ዝናብ ነው ወይ?

ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ውሃውን በጣት ነክተው ያሽቱት። የሚያዳልጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያዘለ ከሆነ ዝናብ አይደለም፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ወይም ጎሚኒው እያፈሰሰ ነው። ሂተር ሲከፈት መስታወቱ ላይ ቅባታም ጭጋግ ካረፈ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በምላስ እንዳይቀምሱት፤ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መርዝ ነው። ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ መኪና ከሆነ ግን ሽታም ቀለምም አይኖረውም። ያኔ የሚለየው ዝናብ ባልዘነበበት ሳምንትም መርጠቡና የራዲያተሩ ውሃ መጉደሉ ነው።

ኤሲ ከተከፈተ በኋላ ብቻ ንጹህ ውሃ ከፊት እግር ስር ከተገኘ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል። እንደ ቪትዝና ያሪስ የኋላ መስታወቱን በውሃ የሚያጥብ መኪና ደግሞ ውሃውን ወደ ኋላ የሚወስደው ቀጭን ጎሚኒ መንገድ ላይ ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። የኋላውን ማጠቢያ አስር ጊዜ ያህል ይጫኑና ውስጡን ይዩ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መቼ እንደሚረጥብ ነው። ቆሞ ዝናብ ሲያድርበት የሚረጥብ ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው፤ መስታወት፣ ጣሪያ፣ በር፣ ከዝናብ መጥረጊያው ስር ያለው ገንዳ። በዝናብ ሲነዳ ብቻ ከሆነ ንፋስ እየገፋ በላላ የበር ጎማ በኩል ያስገባዋል፣ ወይም የሚሽከረከረው ጎማ የሚረጨው ውሃ ከፓራፋንጎው ጀርባ በሽቦ ማለፊያ ቀዳዳ ይገባል። ጎርፍ የያዘ መንገድ ከተሻገሩ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወለሉን ከስር ይመልከቱ፤ የወደቀ የጎማ መድፈኛ ወይም ዝገት የበላው ቀዳዳ አለ። ለዚህ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መፈለግ ጉልበት መጨረስ ነው።

ሞኬቱ ሳይነሳ ፍለጋ የለም

ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ከወንበሩ ስር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንበሩ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ በቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። ከበሩ ደፍ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ወደ ላይ ሲስቡት ከክሊፑ ይላቀቃል። ከማውለቅዎ በፊት የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሱ።

ከሞኬቱ ስር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ነው ዋናው ሸክም። ላዩ ደርቆ እያለ ስፖንጁ ለሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል፤ «ደረቀ» ተብሎ የተተወ መኪና ወለሉ በዝገት የሚበላው በዚህ ነው። አውጥተው ያስጡት፤ በቦታው እያለ በጨርቅ መጫን ዋጋ የለውም።

ላሜራው ሲገለጥ ወለሉ ራሱ ይናገራል። ውሃ ደጋግሞ የሄደበት መንገድ ቀጭን የአቧራ መስመር ወይም የዝገት ጅረት ጥሎ ያልፋል። ከዳሽቦርዱ ስር ጀምሮ መስመሩን በእጅ ባትሪ ወደ ላይ ይከተሉት። ወለሉን በደንብ አድርቀው የሕፃን ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ በስሱ ይንዙበት፤ የመጀመሪያው ጠብታ የት እንዳረፈ ሳይደበቅ ይቀራል።

የመኪናው አቋቋምም ውጤቱን ይቀይራል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ የሚቆም መኪና ውሃውን ወደ ፊት እግር ማስቀመጫ ይሰበስባል፤ ያው መኪና አፍንጫውን ወደ ፒያሳ አዙሮ ቢቆም ውሃው ከኋላ ወንበር ስር ይገኛል። አንዱን ጎማ እግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ የሚያድር መኪናም ውሃውን ወደ አንድ ጎን ያደላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ተፈትሾ «ምንም የለውም» የተባለ መኪና ሰፈሩ ሲመለስ ቢያስገባ አይግረምዎ። ሁልጊዜ እንደሚቆምበት አድርገው አቁመው ይፈትሹት።

ውሃ ማፍሰስ፣ ከታች ወደ ላይ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ውጭ የውሃ ጎማ ይዞ፣ ሌላው ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ። የጎማው አፍ ላይ ምንም አይደረግ፣ ውሃው ዝም ብሎ ይውረድ። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ መፈተሽ የተለመደ ስህተት ነው፤ ያ ግፊት ደህናውንም የበር ጎማ አልፎ ስለሚገባ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጦ በቀጭን ጎማ ስቦ ማውረድ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ቸል አይበሉ። ከጣሪያው ከጀመሩ ውሃው በመስታወቱም በበሩም በገንዳውም ላይ አብሮ ስለሚወርድ ውስጥ ጠብታ ሲታይ በየቱ እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ በበሩ ግርጌ ይጀምሩ፣ ከዚያ የበሩ መስታወት መስመር፣ ከዚያ ከመጥረጊያው ስር ያለው ገንዳ፣ የፊት መስታወቱ ጎኖች፣ የላይኛው ጠርዝ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሰዓት አይተው 5 ደቂቃ ያፍስሱ። ውሃው ስፖንጅና ክፍተት ሞልቶ እስኪፈስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በ30 ሴኮንድ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ቀዳዳውን አልፎት ይሄዳል።

ውስጥ ያለው ሰው በጠረጠረበት መጋጠሚያ ሁሉ ደረቅ ሶፍት ይለጥፍ። እርጥብ ሶፍት ወዲያው ቀለሙ ስለሚለወጥ ለዓይን የማይታየውን ጠብታ ያጋልጣል። አንድ ቀዳዳ ሲገኝ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ በፕላስተር ለጊዜው ይሸፍኑት፣ ፍተሻውን ይቀጥሉ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና አንድ ቀዳዳ ብቻ ይኖረዋል ማለት ዘበት ነው።

ውሃ ፈጽሞ በሌለበት ቀን ሌላ ዘዴ አለ። መስኮቶቹን ሁሉ ይዝጉ፣ የአየር ማስገቢያውን ከውጭ አየር እንዲወስድ ያድርጉ፣ ነፋሻውን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይክፈቱ። ከውጭ በኩል መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። ነገር ግን መኪና ሁሉ አየር የሚያስወጣበት ክፍተት ኋላ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ሆን ተብሎ አለው። እሱን አስቀድመው በፕላስተር ካልሸፈኑት አየሩ ሁሉ በዚያ ይወጣና አረፋ አያዩም።

ከመጥረጊያው ስር ያለው ገንዳ

የፊት እግር ማስቀመጫ ከረጠበ መጀመሪያ እዚህ ይሂዱ። በኮፈኑና በፊት መስታወቱ መካከል ባለው ፕላስቲክ ስር የላሜራ ገንዳ አለ። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይገባና በሁለቱ ጫፎች ባሉ ማፍሰሻዎች ከፓራፋንጎው ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል። ካቢኑ አየር የሚስበውም ከዚሁ ገንዳ ነው፤ የአየር ማስገቢያው ዙሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሠራ ከንፈር አለው። ማፍሰሻው ሲደፈን ውሃው ከከንፈሩ በላይ ይሞላና በነፋሻው በኩል ቀጥ ብሎ ከዳሽቦርዱ ስር ይወርዳል። ነፋሻው ሲከፈት የመንቦጫቦጭ ድምፅ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ከዛፍ ስር የሚቆሙ መኪኖች ላይ ይህ ይበዛል። የጃካራንዳ ቅጠል ደቃቃ ነው፣ የጽድም እንዲሁ፤ በፕላስቲኩ ወንፊት አልፎ ይገባል። በበጋ ከአቧራ ጋር ይከማቻል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ማፍሰሻው ላይ ይቀመጣል።

የመጥረጊያዎቹን እጆች ከማውለቅዎ በፊት የሚያርፉበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ዳዶው ብዙ ጊዜ 12 ወይም 14 ቁጥር ነው። እጁ ተጣብቆ እምቢ ካለ በካቻቢቴ አይፈንቅሉት፣ ወዲያና ወዲህ እየወዘወዙ ያውጡት። የፕላስቲኩን ክዳን ክሊፖች በትዕግሥት ያላቅቁ፤ ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰበራል። ቆሻሻውን በእጅ እየዘገኑ ያውጡ። በውሃ ለመግፋት ከቸኮሉ ጭቃውን ራስዎ ማፍሰሻው ውስጥ ይጠቀጥቁታል።

ገንዳው ከጸዳ በኋላ በአንዱ ጫፍ 2 ሊትር ውሃ ያፍስሱና ከፊት ጎማው ጀርባ ወደ መሬት ሲወርድ ይዩት። እንደ ቧንቧ መውረድ አለበት፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና አልጸዳም። ወፍራም የናይለን ገመድ እያሽከረከሩ ያስገቡ። ጎሚስታ ጋ ሄዶ በቀስታ አየር ማስነፋትም ይሠራል፤ አየሩ ከታች ወደ ላይ ከተነፋ ቆሻሻው በመጣበት ይመለሳል።

በዚሁ አካባቢ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ሞተሩን ከካቢኑ በሚለየው ላሜራ ላይ ሽቦዎች የሚያልፉባቸው ጎማዎች አሉ። ማንቂያ ወይም ቴፕ ሲገጠም ሽቦ ለማሳለፍ ጎማው ተበስቶ የሚቀር ብዙ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ደግሞ የድሮው መሪና የፔዳሎቹ ቀዳዳ በቀኝ በኩል ይቀራል። በላሜራ ተበይዶ ማሸጊያ ካልተቀባ፣ ወይም በፕላስቲክና በፕላስተር ብቻ ከተሸፈነ፣ የተሳፋሪው እግር ስር ሁልጊዜ ይረጥባል።

በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤና ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በመስታወቱና በበሩ ላሜራ መካከል ያለው ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፣ እንዲያግድም አልተሠራም። ውሃው በሩ ውስጥ ገብቶ ከታች ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች ይወጣል። ከውስጠኛው የበር ልባስ ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ደግሞ ውሃው ወደ ካቢኑ እንዳይመጣ ይይዘዋል። ችግር የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ነው።

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ውስጡ እንደ እንስራ ከተንቦጫቦጨ የታችኞቹ ክፍተቶች ተደፍነዋል። በበሩ የታችኛው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይገኛሉ፤ በእንጨት ስንጥር ይክፈቷቸው። ቀለም ቅብ የገባ በር ከሆነ በቀለም ወይም በስቱኮ ተደፍነው ይገኛሉ።

ላስቲኩ ግን ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ይበላሻል። የመስታወት ማንሻ ወይም ስፒከር ሲሠራ ይቀደዳል፣ ከዚያ ልባሱ ብቻ ተመልሶ ይገጠማል። ልባሱን አውልቀው ይዩ። ከጀርባው ግርጌው ላይ የውሃ ምልክት ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። አዲስ ላስቲክ ጠንከር ካለ ፕላስቲክ በአሮጌው ልክ ይቁረጡ። ዙሪያውን ቢውታይል በሚባለው ጥቁር፣ የማይደርቅ ሙጫ ይለጥፉት፤ ማስቲሽ እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ታጥፎ መግባት አለበት፤ ወደ ካቢኑ ከወጣ ውሃውን እጁን ይዞ ሞኬቱ ላይ ያደርሰዋል። በር ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው።

የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመፈተሽ የ10 ብር ኖት ይበቃል። ብሩን በበሩና በጎማው መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡ። እየያዘ መውጣት አለበት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ በዚያ ቦታ ጎማው አይነካም። ጎማውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልተመለሰ ሞቷል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ የበጋው ፀሐይ ጎማን ቶሎ ያደርቃል። ጎማው ደህና ሆኖ በሩ ብቻ ከላላ ምሰሶው ላይ ያለውን የቁልፍ መያዣ አላልተው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግፉት። ጎማን በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት ማለስለስ ለጊዜው ያሳምረዋል እንጂ አብጦ እንዲበሰብስ ያደርገዋል፤ የሲልከን ቅባት ይሻላል።

የፊት መስታወት

እንደ ቮልስ፣ ላዳና የድሮው ዲኤክስ ያሉት መስታወታቸው በወፍራም ጎማ ውስጥ ይቀመጣል። የጎማውን ከንፈር በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርገው የማይደርቅ ማሸጊያ ማስገባት ይቻላል። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መስታወታቸው በፖሊዩሪቴን ሙጫ ተጣብቋል። እዚህ ላይ ከውጭ ሲልከን መቀባት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ፖሊዩሪቴን በኋላ ሲልከን የነካው ቦታ ላይ አይዝም፣ ትክክለኛው ጥገና ይበላሻል። ሁለተኛ፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲልከን ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ላሜራ ያዝጋል። ትክክለኛው ሥራ መስታወቱን ቆርጦ አውጥቶ፣ ዝገቱን እስከ ንጹህ ላሜራ ፍቆ፣ ፕራይመር ቀብቶ እንደገና ማጣበቅ ነው። ዝገት ላይ የተጣበቀ መስታወት በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይቁም፣ አንድ መስኮት ጥቂት ክፍት ይሁን፤ አለበለዚያ በር በኃይል ሲዘጋ የውስጡ አየር ገና ያልደረቀውን ሙጫ ይገፋዋል።

ኋላና ጣሪያ

የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለው የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውሃ ከያዘ መጀመሪያ የኋላ መብራቶቹን ያውጡ። ከጀርባቸው ያለው ስፖንጅ ጋርኒሲዮን ሲደርቅ ወደ አቧራነት ይለወጣል። በቢውታይል ይተኩት። ዳዶዎቹን በእጅ አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። በቪትዝ ዓይነቱ ላይ ከላይ ያለውን ሦስተኛውን የፍሬን መብራትና ሽቦው ወደ ኋላ በር የሚያልፍበትን ጎማም ይዩ። አንዳንዱ ከጉድጓዱ ስር ያለውን የጎማ መድፈኛ አውጥቶ ውሃው እንዲፈስ ይተወዋል፤ ያ የጎርፍ ውሃ ከስር ማስገባት ነው።

ለኋላው ፍተሻ ሰው ውስጥ መግባት ካለበት የኋላውን ወንበር አጥፎ በካቢኑ በኩል ይግባ፤ በተዘጋ ኮፈን ውስጥ ሰው አይቆለፍም።

ጣሪያ ላይ የአንቴናው ሥር፣ የፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ብሎኖችና በጣሪያው ግራና ቀኝ ካለው ቀጭን ፕላስቲክ ስር ያለው መጋጠሚያ ይታያሉ። ማሸጊያው እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ፍቀው በፖሊዩሪቴን ይተኩት። ሰንሩፍ ካለ አራቱም ጥግ ማፍሰሻ አላቸው፤ በየጥጉ ሩብ ሊትር ያህል ያፍስሱና ከስር ሲወጣ ይዩ። በጠንካራ ሽቦ መጎርጎር ቱቦውን ይቀድዳል፣ ወይም ከመያዣው ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ምሰሶው ውስጥ ነው።

ግጭት ያየ መኪና ላይ ከዚህ ሁሉ በፊት የባትላሜራውን (የላሜራ ጠጋኙን) አሻራ ይፈልጉ። ፋብሪካው በሁለት ላሜራ መጋጠሚያ ላይ ሁሉ ማሸጊያ ይቀባል። ከግጭት በኋላ ሲበየድ ብዙ ጊዜ ላዩ በስቱኮ ተስተካክሎ ቀለም ይቀባል፣ ውስጠኛው መጋጠሚያ ግን ደረቁን ይቀራል። ስቱኮ ውሃ ይስባል እንጂ አያግድም። የግራውን ጎን ከቀኙ ጋር ያወዳድሩ፤ በአንዱ በኩል ማሸጊያ ኖሮ በሌላው ከሌለ መልሱ እዚያ ነው።

የማሸጊያ ጎማ ሲገዙ

ሶማሌ ተራ ወይም ተክለ ሃይማኖት ሲሄዱ አሮጌውን ጎማ ይዘው ይሂዱ፤ በስም ብቻ መግዛት ለመመለስ መመላለስ ነው። ያገለገለ የበር ጎማ ከሆነ በአውራ ጣት ተጭነው ያረጋግጡ፣ ጥጎቹን ገልብጠው ስንጥቅ ይፈልጉ። በሜትር የሚሸጠውን ከወሰዱ ውፍረቱ ከአሮጌው መብለጥ የለበትም፤ ወፍራም ጎማ በሩ እንዳይዘጋ ያደርግና ተገፍቶ ሌላ ጥግ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። ሲገጥሙ መገጣጠሚያው ከታች ይሁን፣ ከላይ አይሁን። ጎማውን እየወጠሩ አያስገቡ፤ የተወጠረ ጎማ ጊዜ ሲያገኝ ይሰበሰብና ክፍት ቦታ ይተዋል።

መመለሻው

ስፖንጁ በበጋ ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በሐምሌ ከሆነ ቤት ውስጥ ሰቅሎ ጋዜጣ በየመካከሉ እየቀያየሩ ማድረቅ ነው። የረጠቡ ሶኬቶችን ይክፈቱ፤ አረንጓዴ ዱቄት ካለ በኮንታክት ስፕሬይ ያጽዱ። ወለሉ ላይ የታየውን ዝገት ፍቀው ፀረ ዝገት ይቀቡ።

ሞኬቱን ግን አይቸኩሉ። ወንበሩን በባዶ ወለል ላይ አስረው፣ ፓውደሩን እንደገና ነዝተው፣ ሁለት ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ይንዱት። ፓውደሩ ሳይነካ ከቆየ ሞኬቱን ይመልሱ።